ስሟ ሲፋቅ የተናደው ሰማይ

ወላሂ! ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ከዋሸሁ፣ ከቺቻሄም እስከ ሌደንግ ባለው መንገድ ላይ የሚኒባሴ አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ይፈንዳ፤ ያውም በዶፍ ዝናብ፣ ያውም አሥራ አራት ተሳፋሪ ጭኜ። በባንዱንግ ከተማ ከዚህ የከበደ መሐላ የሚምል ሹፌር ካለ ይምጣና ከፊቴ ይቁም። እኔ ማንግ ኦዲንግ ነኝ፤ «ማንግ» በእኛ በሱንዳዎች «አጎቴ» እንደማለት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የነዳሁት መንገድ ቢዘረጋ ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል፤ ትራፊክ ፖሊሶች ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ ኮፍያቸው ይሰዳሉ፤ ይህ ሁሉ ግን ተራ ነገር ነው። ዋናው፣ ልጄ ጋሊ ከጓደኞቹ ጋር በሠራው የጠፈር ጌም ውስጥ የምትሰሙት የመንኮራኩር ድምፅ የእኔ ሚኒባስ ሞተር መሆኑ ነው። የሳተርን ወደብ ሹም ሲያስነጥስም የሚያስነጥሰው እኔ ነኝ። ከሱንዳ ሕዝብ መካከል ጠፈር ላይ ያስነጠሰ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ መልሱን ይዛችኋል።

የማወራችሁ ግን ስለ ዌኒንግ ስም ነው። ዌኒንግ የባለቤቴ የኤንቹም ታላቅ እህት ልጅ ናት፤ ጌሙን ከሠሩት ሦስት ልጆችም አንዷ። የቀሩት ሁለቱ ልጄ ጋሊና የትምህርት ቤት ጓደኛው ዳርሳ ናቸው። ሌላ አገር ለእንዲህ ያለ ሥራ አርባ ፎቅ ሕንፃና አምስት መቶ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ የእኛዎቹ የእኔን የፊት ክፍል ወሰዱና አበቃ። ሦስት ሜትር በአራት ናት። ሶፋውን አውጥተን ኮሪደሩ ላይ በቁመቱ አቆምነው፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ጎኑን እያሻሸ ነው የሚያልፈው፣ ወፍራም እንግዳማ ጭራሹን መምጣት አቆመ። ከሦስቱ ጠረጴዛዎች አንዱ የኤንቹም የልብስ መተኮሻ ነበር። የቆመችው ቬንቲሌተር አንገቷ ስለተሰበረ አምስት ዓመት ሙሉ ዳርሳን ብቻ ስታናፍስ ኖረች። ግድግዳው ሻጋታ ሲያወጣ ዌኒንግ የኮከቦች ካርታ ለጠፈችበት፤ ሻጋታው ካርታውን ሰርስሮ ወጣና የማንም ያልሆኑ ሁለት ኮከቦች ጨመረበት። የቤቱን መብራት ደግሞ አታንሱት፤ ሩዝ ማብሰያውና ሦስቱ ኮምፒውተሮች አንድ ላይ ከተከፈቱ ቆጣሪው ይዘጋል። ስለዚህ ኤንቹም ሩዝ ልትጥድ ስትል ከወጥ ቤት «ላበስል ነው!» ብላ ትጮሃለች፣ እነሱም ሥራቸውን ያስቀምጡና ጠፈሩን ያጠፋሉ። እኛ ቤት ለአምስት ዓመት ሩዝ የበሰለው ፍጥረተ ዓለም ሲያርፍ ነው።

ጌሙ «የጨው ጀልባ» ይባላል። ተጫዋቹ አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ ነው፤ ከኮከብ ኮከብ እየቀዘፈ ጨው ያደርሳል፤ አይተኩስም፣ አይገድልም፣ ጨው ያደርሳል። አራት ሚሊዮን ኮከብ አለው። ዳርሳ አራት ሺህ ነው ይላል፤ ዳርሳ ቁጥር ማሳነስ ይወዳል። ያን ሁሉ ኮከብ ታዲያ በእጁ የሳለ የለም። ሰማዩን የሠራችው ዌኒንግ ናት፤ አሠራሩም እንዲህ ነው። ለኮምፒውተሩ አንድ ረጅም ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ እሱ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ሰማዩን በሙሉ ያበቅለዋል። ልጆቹ ቁጥሩን «ዘር» ይሉታል። ዘሩ ያው እስከሆነ ድረስ ጌሙን ሺህ ጊዜ ብትከፍተው ኮከቦቹ በያሉበት ናቸው፤ ከአኃዞቹ አንዷን ከነካህ ግን ሩዝ ዘርቶ ማሳው ላይ ዱባ የበቀለበትን ገበሬ ሆንክ ማለት ነው። ዌኒንግ ሰማዩን ከዘራች በኋላ ዳርሳ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ በየኮከቡ ዳርቻ ወደቡን፣ መጋዘኑን፣ ሻይ ቤቱን በእጁ እየለካ አስቀመጠ። ጋሊ ጀልባዋንና ሰዎቹን ሠራ። እኔ ደግሞ አስነጠስኩ።

ያ ቅዳሜ ጌሙ ሲንጋፖር ላለው አከፋፋይ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል ተብሏል። ኤንቹም የምስጋና ሩዝ ልትሠራ ማልዳ ተነስታ እርድ ትወቅጣለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ነኝ። መታጠቢያ ቤቱንና የልጆቹን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጆሮ ላለው ሰው ሬዲዮ ማለት ነው። ራሴን ሳሙና ቀብቼ የውሃ መቅጃውን እንዳነሳሁ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«ከሠሪዎቹ ዝርዝር አውጣው ስሟን» አለ ጋሊ።

«ካንግ፣ አምስት ዓመት የሠራች ልጅ እኮ ናት» አለው ዳርሳ። ዳርሳ በሁለት ዓመት ስለሚያንሰው «ካንግ» እያለ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የሚጠራው።

«ባለቀበት ቀን የሌለ አይጻፍም። ሕጉ ይሄ ነው። እኔ ላይ ሲደርስ ማን አለቀሰልኝ?»

«ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ማን ጌም ጨርሶ ቁጭ ብሎ ስም ያነባል? አውጣውና ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ልጄ ክፉ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በፊት ጃካርታ ውስጥ አንድ ትልቅ ጌም ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ሲስል ኖሯል፤ የጫካ ቅጠል፣ የግቢ ቅጠል፣ የረገፈ ቅጠል። ጌሙ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው ለቀቀ። የወጣ ዕለት እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ መጫወት ጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን ጨረሰው፣ የሠሪዎቹም ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። አንድ ሺህ ስም። ምሳ የሚያመላልሰው ሰውዬ አለ፣ የአለቃው ውሻ ሳይቀር አለ፤ ጋሊ የለም። ኤንቹም ንባብ ላይ ዝግ ስለምትል «አለፈኝ መሰለኝ፣ መልሰው» አለችው። መለሰላት። ሦስተኛ ጊዜ «መልሰው» ስትለው ኮምፒውተሩን ዘጋ። ያን ቀን ውስጥ ውስጡን የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሕግ እየተማረ ኖሯል። ዌኒንግ ሥራውን ጥላ የሄደችው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ እናቷን ስትሮክ ጣላት፣ ከእሷ ሌላ የሚያነሳት የለም። ጋሊ የእሷን ሥራ በራሱ ላይ ደርቦ ዓይኑ እንደ ሚጥሚጣ እስኪቀላ ሠራ። «ሂጂ» ያላት እሱ ራሱ ነው፤ ከሄደች በኋላ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ኮምፔንሳቶውን በቡጢ በርቅሼ ልገባ ነበር። ክንዴን ታውቁታላችሁ፣ የተነቀለ መሪ ይዤ ከቁልቁለት ላይ መኪና ያቆምኩበት ክንድ ነው። ግን ራቁቴን ነበርኩ፤ ክርክር ደግሞ በሱሪ ነው። ሳሙናውን ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ወጣሁ። ልጆቹ በር ላይ ሳልፍ ጋሊ «አፓ፣ ደህና አደርክ?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ልብ በሉ፣ ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ትልቅ ቃል እንደ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ጎማው ሳይሞላ አይጫንም።

ገበያ ወረድኩ። ዶሮ በኪሎ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሩፒያ ገብቷል፤ የሙዝ ቅጠል ሻጯ ለአንድ እቅፍ ስድስት ሺህ አለችኝ። አምስት አልኳት።

«ማንግ ኦዲንግ፣ ልጅህ ዛሬ ጠፈር ሊሸጥ ነው አሉ። አንተ ለአንድ ሺህ ሩፒያ እኔን ታደርቀኛለህ?»

«የአባቱን መከራከር አይቶ ነው መሸጥ የቻለው» አልኳት።

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ፤ አንዷማ ከቶፉ ቅርጫቷ ላይ ልትወድቅ ስትል ሁለት ሰው ያዛት። ቅጠሉንም በአራት ሺህ ሰጠችኝ። ቤት ስመለስ ኤንቹም ሩዙን በኮኮናት ወተትና በእርድ አብስላ፣ ቢጫ ተራራ አስመስላ በሰፊው ትሪ ላይ ልታቆመው ስትዘጋጅ ደረስኩ። በእኛ ዘንድ ይህ ሩዝ ያለ ምክንያት አይሠራም። ነገር ሲሳካ ነው፤ ተራራው ይቆማል፣ ዶሮው፣ የአኩሪ አተር ቴምፔው፣ ኦቾሎኒው ዙሪያውን ይደረደራል፣ ከዚያ የተራራው ጫፍ ይቆረጥና ከሁሉ በላይ ምስጋና ለሚገባው ሰው ይሰጣል። የሚቆርጠውም የቤቱ ትልቅ ነው፤ ትልቁ እኔ ነኝ።

«ጫፉ ለዌኒንግ ነው፣ አይደል?» አለችኝ ኤንቹም፣ ዶሮውን ከእጄ እየተቀበለች። «ሰማዩ የእሷ ነው። እህቴም ትሰማና ደስ ይላታል።»

«ኤንቹም» አልኳት።

«ምን?»

«ዶሮውን በደንብ አጥቢው።»

ለእሷም ያልነገርኳት ለጤናዋ አስቤ ነው፤ ደም ግፊት አለባት። ሚኒባሴን አስነስቼ ዌኒንግን ላመጣት ወደ ቺቻዳስ ነዳሁ። እነ ዌኒንግ የሚኖሩባት ጉራንጉር ሁለት ሞተር ብስክሌት አታስተላልፍም፤ እኔ ግን ሚኒባስ አስገብቼባት አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ። ያን ቀን መግቢያው ላይ አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ክፍላቸው አንዲት ናት። እናትየው ቴህ ኢያር መሬት ላይ በተነጠፈ የጥጥ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ ግራ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ በቀኝ እጇ የአንሶላውን ጠርዝ ይዛ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ታጥፋለች። ክፍሉ የባሕር ዛፍ ዘይትና የተቀቀለ ሩዝ ውሃ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የመድኃኒት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ የዌኒንግ እጅ ጽሑፍ ነው፣ እንደ ኮከብ ካርታዋ የተሰመረ። ኮምፒውተሯ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ሻሽ ተሸፍኗል። ልጅቷ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ተዘጋጅታ ነበር።

«ማንግ፣ በሞተሩ ድምፅ ነው ያወቅኩዎት» አለችኝ እየሳቀች። «ጎረቤቶቹን ‹አትደንግጡ፣ መንኮራኩር ነው፣ አሁን ያርፋል› አልኳቸው።»

«አንቺ ቀልጅ። ይሄ ሞተር ነገ ሲንጋፖር ላይ ይሰማል።»

«ጋዝ መልቀቂያው ካልወደቀ።»

በሽተኛዋን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ እስክትመጣ ድረስ እናቷን ውሃ በማንኪያ እያጠጣች አወራችኝ። ከቤታቸው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ያለ አንድ ፖሊቴክኒክ የጌም አሠራር አስተማሪ ይፈልጋል። ዌኒንግ ዲግሪ የላትም፤ ከዩኒቨርሲቲ ያቋረጠችው ለዚህችው ጀልባ ብላ ነው። «እንደሌለኝ ነገርኳቸው» አለችኝ። «ሰዎቹ ደግ ናቸው። ‹ጌሙ ሰኞ ሲወጣ ስምሽን ከሠሪዎቹ ዝርዝር ላይ እናያለን፤ እሱ ዲግሪሽ ይሆናል› አሉኝ። ማንግ፣ ቅርብ ነው እኮ። ምሳ ሰዓት መጥቼ አገላብጫት መመለስ እችላለሁ። ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ አላገኝም።» ቴህ ኢያር ቀና ብላ አየችኝ። ግማሽ ፊቷ ሳቀልኝ፤ ሌላው ግማሽ እንደ ዳኛ ተቀምጦ ነበር። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ጣሪያው ላይ የዝናብ ፍሳሽ አንድ ትልቅ ደሴት ስሏል፤ ስለ ጣሪያ ጥገና ብዙ ቁም ነገር ነገርኳቸው። እዚያ ልናገር እችል ነበር፤ ግን በሽተኛ ፊት? ሰው ነኝ እኮ። መንገድ ላይ ልናገር እችል ነበር፤ ግን ቅዳሜ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሹፌር ያውቃል። ዌኒንግ ከጎኔ ተቀምጣ የመስኮቱን መክፈቻ በጣቷ እየነካካች «ዳርሳ ስሞቹን በላቲን ፊደል ተራ ካስቀመጠ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ» አለች። «ይሁን። ሰው የመጨረሻውን ያስታውሳል።» እኔ ክላክስ ነፋሁ። ከፊቴ ማንም አልነበረም።

ቤት የደረስነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አርባ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ የሰፈሩ ሹም አለ፣ የመስጊዱ ሰዎች አሉ፤ ቢጫው ተራራ በሙዝ ቅጠል ላይ ቆሞ ይተናል። ግን የሚያወራ የለም። የፊት ክፍሉ ውስጥ ዳርሳ ፊቱ እንደ ሩዝ ውሃ ነጥቶ ቆሟል፤ ቬንቲሌተሯ ፀጉሩን ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ሰማዩ ተንዷል። ጀልባዋ ከወደብ ትወጣለች፣ ኮከብ የለም፤ ጨለማ ብቻ። የጨው መጋዘኑ አንድ ፀሐይ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይነዳል። ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን እንደዘረጉ ባዶ ላይ ተንጠልጥለዋል። የሳተርን ወደብ ሹም ከእግሩ በታች ሳተርን የለም፤ ምንም ላይ ቆሞ ያስነጥሳል። የዳርሳ የሦስት ዓመት ልክ በሙሉ በነበረበት አለ፤ ከሥሩ ያለው ዓለም ነው የሄደው። ጠዋት ሃያ ትናንሽ ነገር ለውጠናል፣ የትኛው እንደሆነ አናውቅም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶናል ይላል ጋሊ፣ ለራሱ ነው ለእኛ ሳይለይ።

ዌኒንግን ሲያያት ግን ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ። እውነተኛ ደስታ ነበር፣ እሱን አልክድም። «ነንግ! አላህ ነው ያመጣሽ። ነይ፣ ነይ እይልን» አላት፣ በልጅነቷ ይጠራት በነበረው።

የድሮ ወንበሯ ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሮ ነበር። አንስታ ለኤንቹም ሰጠቻትና ተቀመጠች። ጀልባዋን ከወደብ አወጣቻት። ጨለማው ውስጥ ቀዘፈች፣ ወደ ግራ ዞረች፣ ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ፊደል መተየብ ይጀምር ነበር። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ያን የማታውቀውን ሰማይ ብቻ አየችው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ሌላ ሰው ተኝቶ ሲያገኝ እንደሚያየው። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀች።

«ከዝርዝሩ የማንን ስም አወጣችሁ?»

ዳርሳ እግሩን አየ። ጋሊ «ምን አገናኘው?» አለ።

«ዘሩ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ስሞች ነው የሚወጣው» አለች። «የመጀመሪያ ቀን፣ እዚሁ ቁጭ ብለን ስንስቅ፣ የሁላችንንም ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ለውጬ፣ አባዝቼ ነው ሰማዩን የዘራሁት። ከመካከላችን አንድ ሰው ቢጎድል ሌላ ሰማይ እንዲሆን ብዬ። ነግሬያችሁ ነበር፤ አጨብጭባችሁልኛል። ረስታችሁታል።» ይህን እየተናገረች ዝርዝሩን ከፍታ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው። «ጋሊ። ዳርሳ። ማንግ ኦዲንግ።» የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካችና «ማንግ ኦዲንግ አለ» አለች።

ጋሊ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝርዝሩ ሲንጋፖር ሄዷል፣ ፈርሜበታለሁ። በርክክቡ ቀን ያልነበረ አይጻፍም፤ እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም፤ እኔንም በልቶኛል። አሁን ጊዜ የለም። የድሮውን ቁጥር ታስታውሺዋለሽ፤ በስሞቹ ፋንታ እሱን በእጅሽ ጻፊበት፣ ሰማዩ ይመለስ።»

«ስሜን ብትመልሰውም ሰማዩ ይመለሳል፣ ካንግ ጋሊ። አንድ መስመር ነው።»

«ሄጃለሁ ብለሽ ሄደሻል እኮ!»

«እናቴን ላነሳ ነው የሄድኩት። አንተ ነህ ‹ሂጂ› ያልከኝ።»

«‹ሂጂ› አልኩሽ፤ ‹ቆጥሬሻለሁ› አላልኩሽም።»

ሰኞ ስለሚጠብቋት ሰዎች አልነገረቻቸውም። ያን የማውቅ በክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንበሯን አዙራ አየችኝ። «ማንግ» አለች።

ያኔ ነው እንግዲህ የተነሳሁት! ስነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ በርሮ ኮምፔንሳቶውን በሳው። ጠዋት የቆጠብኩትን፣ ገበያ የቆጠብኩትን፣ ቺቻዳስ የቆጠብኩትን ቃል በሙሉ በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ድምፄ ሦስት ጉራንጉር ተሻግሮ ተሰምቷል፤ አንድ ጉልት ሻጭ ሕዝባዊ ስብሰባ መስሏት ዕቃዋን ሰብስባለች። «ጋሊ!» አልኩ፤ «እናትህ ሦስት ጊዜ ‹መልሰው› ያለችህን ረሳህ? ያኔ የተፋቀው ስምህ ዛሬ በዚህች ልጅ እየተበቀለ ነው? እኔ ለአንድ ማስነጠስ ተጽፌ፣ ሰማይ የዘራች ልጅ ትቀር? የእኔን ፋቀውና የእሷን ጻፍ!» አልኩት። ብቻ ምን ልበላችሁ፣ አንበሳ ሆንኩ። ጋሊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ዳርሳ ሲንጋፖር ደወለ፤ ስልኩን ቀማሁትና አከፋፋዩን ራሴ አናገርኩት፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ ገባው። ስሟ ተመለሰ። ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ በወርቅ ፊደል። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ አራት ሚሊዮን ኮከብ በአንድ ትንፋሽ ተመልሶ በያለበት ቆመ፣ ሳተርንም ከሹሙ እግር በታች ገባ። አርባው ሰው አጨበጨበ። የሰፈሩ ሹም፣ ያ ደረቅ ሰውዬ፣ እንባውን በኮፍያው ጠረገ። እኔም የተራራውን ጫፍ ቆርጬ በሁለት እጄ ለዌኒንግ ሰጠኋት፤ እሷም እጄን ግንባሯ ላይ አስነካች። አሁን ፖሊቴክኒኩ ውስጥ አስተማሪ ናት። ዋና አስተማሪ መሰለችኝ። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ «ስም የመለሰው ሰውዬ» ይሉኛል።

ይሄው ኤንቹም እዚህ ጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ ካላመናችሁኝ ጠይቋት።

«የጋሊ አባት» አለች ኤንቹም። ቢላዋውን አላቆመችም፣ ድምፅዋንም አላነሳችም።

«እ?»

«አምስት ሰው ነበርን። የሰፈሩ ሹም ታሞ አልመጣም።»

«እሺ፣ አምስት። ዋናው —»

«አንተ አልተነሳህም። ልጅቷ ‹ማንግ› ብላ ስታይህ፣ ‹ነንግ፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ቁጥሩን ጻፊላቸው፤ ቤተሰብ ነን› አልካት።» የላጠችውን ሽንኩርት ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ሌላ አነሳች። «ጻፈችው። አሥራ ሁለት አኃዝ፣ በቃሏ። ዳርሳ አለቀሰ። ጫፉን ቆርጠህ ለጋሊ ሰጠኸው። ከዚያ ጫማዋን በር ላይ አድርጋ በእግሯ ሄደች፤ በሚኒባስህ አልሄድም አለች።»

እኔ የወደቀውን የሽንኩርት ልጣጭ መልቀም ጀመርኩ።

«ሰኞ የፖሊቴክኒኩ ሰዎች እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ስሟን ፈለጉት፤ የለም። አሁን ከእህቴ ፍራሽ አጠገብ ሆና የጫማ ሶል ትለጥፋለች፣ በጥንድ በጥንድ። ባለፈው ስሄድ ክፍሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸት ነበር፣ መስኮት የላቸውም።»

ቢላዋው ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ።

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አለች። «ዶሮ እቆርጥ ነበር። ቀና አላልኩም። ብቻ፣ እኔ ነገሩን ለሰው አላወራውም።»